ስም የወጣላቸው ፎቶዎች

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ምንይችል ናቸው... እዚሁ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ያላቸው ሰውዬ።

«ልጄ፣ ፎቶዎቹ አልከፈት ብለዋል። ገበያተኛው ቤቱን ሞልቶታል፣ ቶሎ ድረሽልኝ።»

የነካካሁት እኔ ነኛ! ያነሷቸውን ፎቶዎች በስም እየፈለገ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት ፕሮግራሙን የጻፍኩበትን የኮምፒውተር ቋንቋ ወደ አዲሱ ቨርዥን ቀየርኩት። በዚያው ደንበኛ እያየ እንዲመርጥ ብለው የገዙትን ትልቅ ቴሌቪዥን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁላቸው። በእንግሊዝኛ የሰየምኩትን የራሴን ፎቶ ከፍቼ ሞከርኩ... ሠራ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስደርስ ከቡሬም ከሽንዲም ፎቶ ሊወስዱ የመጡ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ... ????? ????? ?????

ነገሩ ገባኝ። ጋሽ ምንይችል ፋይሎቹን የሚሰይሙት በአማርኛ ነው። አሮጌው ቨርዥን ስሙን እንዳለ ተቀብሎ ያሳልፍ ነበር። አዲሱ ግን ፊደሉ በምን ኮድ እንደተጻፈ ካልነገሩት የእኛን ፊደል አያነበውም፣ ፎቶውንም አያገኘውም።

«አይዞዎት፣ ስሙም ፎቶውም ይስተካከላል» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙ እንኳ ይቅር ልጄ። ፎቶው ብቻ ይውጣልኝ።»

«ስሙ ካልተነበበ የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«መልካቸውን አይቼ እለያለሁ። ድስት ሁሉ ተከፍቶ አይታይም...»

እኔ ሥራ እንዳይበዛብኝ ያዘኑልኝ መሰለኝ። ጭራሽ እልህ ያዘኝ። ስሞቹ የእኛንም ፊደል በሚያውቀው ኮድ፣ በዩኒኮድ መነበብ እንዳለባቸው የሚናገር መስመር ጨመርኩና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት።

የጥያቄ ምልክቶቹ ጠፉ። ፎቶዎቹ ከነስማቸው ቁልጭ ብለው ወጡ።

«ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ሙሽራ»

«አላማረብኝም እያለ ደጋግሞ ያስነሳኝ የቡሬ ነጋዴ»

«ከሙሽራዋ በላይ የተኳለች አማት»

ጋሽ ምንይችል የሆነ ነገር የሚፈልጉ መስለው ወደ መጋረጃው ዞሩ።

አማቷ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ ይባላሉ፣ ከሽንዲ ነው የመጡት። ከራሳቸው ፎቶ ሥር ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እያልኩ ነው።

«አቶ ምንይችል» አሉ ሲጨርሱ፣ ረጋ ብለው። «እኔም ለእርስዎ እቤቴ ስንት ስም አውጥቼልዎ ነበር። ቴሌቪዥን ስላለዎት ቀደሙኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የቡሬው ነጋዴም ፎቶውን ትክ ብሎ አየና «አሁንም እኮ አላማረብኝም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይችላቸው! ሁሉም «የእኔስ ምን ይላል?» እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ለቀበሌው የአንድ ለአምስት ቡድን ስብሰባ ረፈደብኝ ሲሉ የነበሩት አቶ አየነው የሚባሉ ገበሬ ሳይቀሩ ተራቸውን ጠበቁ። የሳቸው ወጣ... «አቶ አየነው ካሳ»። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ይኸው፣ የእርስዎ በደንብ ተጽፏል» አልኳቸው።

«እሱንማ ያወጣችልኝ እናቴ ናት» አሉ ቅር ብሏቸው። «ምነው፣ እኔ ላይ የሚባል ነገር ጠፋ?»

ጋሽ ምንይችል ከመጋረጃው ተመለሱ። ሰውየውን ትንሽ አዩአቸውና ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው ጻፉ፦ «ስም አልወጣልኝም ብሎ የተቀየመው»።

አቶ አየነው አነበቡት። ፈገግ ብለው ፎቷቸውን በጋዜጣ አስጠቅልለው ወጡ።

እኔ ግን ካሁን በኋላ የማንንም ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው... «ስሞቹ እንዲነበቡ ይፈልጋሉ?»