በበቆሎው ሥር የቀረው ድንች

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ለውጥ መጣ ከተባለ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ግን ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ አምባሰል ውስጥ ባለችኝ ቁራሽ መሬት ድንችና በቆሎ አንድ ላይ ዘራሁ። የግብርና ባለሙያው፣ "ሁለት መስመር ድንች፣ አንድ መስመር በቆሎ" ብሎ አስተምሮን ነበር። እኔ ግን ስስት ያዘኝና በየድንቹ መስመር መሀል በቆሎ አስገባሁ። ለዘር ያስቀመጥነውን ድንች አንድም ሳላስቀር ከትቼበታለሁ። እሱ ከጠፋ የምንበላውም የምንዘራውም የለንም።

ሐምሌ ላይ በቆሎው ደረቴ ደረሰ። ድንቹ ከሥሩ ገርጥቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ላይ ተሳበ። አንዱን በጣቴ ጫር አድርጌ ባየው ፍሬ የሚባል የለውም። ያን ሰሞን እህል አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ደን ነው እንዴ ያለማኸው? ጦጣ ይግባበት እንግዲህ!" ትላለች። ሳቅ ከየት ይምጣ?

ማሳዋ ከማሳዬ የሚዋሰን፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ጎረቤት አለችን። አንድ ጧት ድንበሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

"ጋሼ፣ ግማሹን በቆሎ ይንቀሉት። የሚቀረውንም የታች የታቹን ቅጠል ለከብት ይሸልቅቁት፤ ድንቹ ፀሐይ ይይበት" አለችኝ።

"ፈጣሪ ያበቀለውን? ግፍ አይሆንብኝም፣ እታለም?"

"ወላሂ፣ ግፍስ ድንቹን አፍኖ መግደል ነው! እኔ ልንቀለው፣ ግፉም ለኔ ይሁን።"

ቀሚሷን ሰብስባ ገባችበት። እኔም ቅር እያለኝ ተከተልኳት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድንቹ አረንጓዴ ሆነ፤ ሥሩን አፈር አስታቀፍኩት።

መስከረም ጠብቶ ጥቂት እንደቆየ ከወልድያ በኩል ጦርነቱን የሸሸ፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰው በመንገዱ ይወርድ ጀመር። የመንደሩ ሰው ድንቹን ሳይደርስ ቆፈረ። የኔ ልጣጩ ገና በአውራ ጣት ይላጣል፤ እንዲህ ያለ ድንች ለዘር አይቆይም። ልቆፍረው? ቆፍሬስ ጉልበቷ የማይታዘዝላትን ባለቤቴን ይዤ በምን ልሸከመው? በቀን ሦስቴ እየሄድኩ አፈሩን እጭርና መልሼ እደፍነዋለሁ።

የመድፍ ድምፅ የሰማን ዕለት ጎረቤቴ ማጭድ ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ አይቆፍሩት። ቅጠሉን አጭደን ገደል እንጣለው፤ ልጣጩም አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠነክራል። ላላፊ አግዳሚው በቆሎ ብቻ ይታየዋል፤ እሱን ይብሉት።"

"የሚያውቅ ቢመጣስ?"

"አብሽሩ! የራበው ሰው እሸት እያየ መሬት አይጭርም።"

እስከ ቀትር አጨድን። ከዚያ እሷ ወደ ወንድሟ፣ እኛ ደጋ ወዳለችው ልጃችን ሸሸን።

እዚያ ስንት ሳምንት እንደቆየን እንጃ። ዝናብ ጠብ ሲል "በሰበሰ" እላለሁ። ወታደሩን ስረሳ ፍልፈሉ ትዝ ይለኛል። ልጄ እንጀራ ስታቀርብልኝ፣ የሰው ቤት ጎተራ የማራቁት ይመስለኝና እጄ ይታሰራል።

ስንመለስ በቆሎው አገዳው እንኳ የለም። ማሳው ተረግጧል። ጎረቤቴ ቀድማን ገብታ ነበር። ዶማውን አነሳሁ፤ አቃተኝ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

"እርስዎ ዘወር ይበሉ" አለችና ተቀበለችኝ። "ቢስሚላህ!"

ዘወር አላልኩም። አፈሩ ሲገለበጥ ሦስት ድንች ወጣ። አንዱን አንስቼ በአውራ ጣቴ ፈተግሁት፤ ልጣጩ አልተነሳም። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በአንድ ጎን ፍልፈል ገብቶበታል፤ የተረፈው ግን ለቀለብም ለዘርም በቃን።

ዛሬም ድንችና በቆሎ አብሬ እዘራለሁ፤ ሁለት መስመር ለአንድ። መስመሩን ያስተማረን ባለሙያው ነው፤ ይመስገን። ያን ዓመት ያሻገረችኝ ግን ያች ጎረቤቴ፣ መንደሩ የሐጂው ልጅ የሚላት ናት።