የዘይቱና ወይባ

ሐኪሟ «ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ወላሂ፣ የለም» ያልኩት እኔ በሺር ነኝ። በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ሚኒባስ ስነዳ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ሳጨስም እንደዚያው። ባለቤቴ ዘይቱና አጠገቤ ነበረች። ዞር ብላ አየችኝ። ሰው ፊት አታዋርደኝም፤ ይህን አውቄ ነው የዋሸሁት።

ለሳሏ ብለን ሄደን ሳንባዋ ላይ ከሽንብራ ያነሰች እባጭ ተገኘች። ሐኪሟ ዶክተር ጽናት፣ «አይስጉ፤ እንዲህ ትንሽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ከጭስ ይራቁ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ያዘውትሩ፤ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ከዓመት በኋላ ደግመን እናየዋለን» አለቻት። ዘይቱና ሳትጠየቅ ስለ ወይባዋ ተናገረች። ወገቧን ሲያማት ጓሮ በቆፈረችው ጉድጓድ የወይባ እንጨት አጭሳ፣ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጥበታለች፤ ያሽላታል። «እሱም ጭስ ነው፤ ይቅርብዎት» ተባለች።

እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? መንገድ ላይ፣ «ይኸው! ያ ወይባሽ ነው ጉድ የሠራሽ» አልኳት። አፌ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም። ቤት ስንደርስ ጉድጓዱን በገዛ እጇ ደፈነችው።

ከዚያ ወዲያ ፓፓያና ብርቱካን ከኮምቦልቻ መጫን ሆነ ሥራዬ። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቶቻችን «በሺር ሚስቱን ሲወድ!» ይላሉ። እሷ ጎመኗን ትበላለች፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በእግሯ ትሄዳለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አጨሳለሁ፤ ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። ወገቧን ይዛ ስትነሳ ባየሁ ቁጥር ሌላ ፓፓያ እገዛለሁ።

አራት ወር እንዲህ ከረምን። ባለፈው ማክሰኞ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ብላ መቃናት አቃታት። ደግፌ አስቀመጥኳትና ቀጥታ ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የዓመቱን ቀጠሮ ወደ ስድስት ወር አሳጠረችው። «ሲጋራው ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ በር ላይም ቢሆን» አለችኝ። ለወገቧም ሌላ ሐኪም ዘንድ ጻፈችላት።

ቤት ገብቼ ለዘይቱና ሁሉንም ተናዘዝኩ። በወይባዋ ያሳበብኩት የራሴን ጥፋት ለመሸፈን እንደነበረም ነገርኳት። «አውፍ በይኝ» አልኳት።

«ለዶክተሯ መናገርህ ደግ አደረግህ» አለችኝ። «ግን አራት ወር ሙሉ ሲያመኝ አላየኸኝም ነበር?»

«አይቼሻለሁ» አልኳት።