የሳህኑ ቀኝ ግማሽ

ውሻችን ምግቡን ግማሽ ግማሹን መተው የጀመረው በሁዳዴ ነው፤ ለዚህም ነው ማንንም ያልገረመው። እናቴ በሽሮ የፈተፈትኩለትን እንጀራ አየችና፣ "ፍስክ እየጠበቀ ነዋ። እኛ እንጾማለን፣ እሱ ያኮርፋል" አለች። እኔም ሳቅኩ። ዘጠኝ ዓመት አብሮን የኖረ ውሻ የፋሲካን መድረስ ቢጠባበቅ ምን ይገርማል?

ያን ሰሞን አዲስ ደብተር ይዤ ያየሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ትልቅ ነገር ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ በራችሁ ላይ ያለውን ጻፉ ብለውናል። በራችን ላይ ያለው ደግሞ ውሻው ነው። "ዛሬም ግማሹን ተወ" ብዬ ጻፍኩ። በሌላው ቀን፣ "ግቢውን ወደ ግራ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ወደ ቀኝ ግን አንድም ጊዜ።" ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር እንጂ በሽታ እየጻፍኩ መሆኔን አላወቅኩም።

አባቴ ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ ቢሆንም የጉና ሰው ነው፤ በግ ያውቃል። ዙረቱን እንዳየ አዙሪት ነው አለ። አዙሪት በዚያ ብርዳም አገር በጎችን አንድ ቦታ የሚያሽከረክር በሽታ ነው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይበቅልና ከላዩ ያለው አጥንት ይሳሳል። አባቴ ውሻውን በጉልበቱ መሃል ይዞ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። የሳሳ ቦታ አላገኘም። ውሻው ግን መዳሰሱ ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ውሻው አጥሩ ሥር ወደቀ። ተኝቶ እንደሚሮጥ እግሮቹን አንፈራገጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣና የት እንዳለ እንደጠፋበት ሁሉ ቆሞ ቀረ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እማማ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ነበሩ። እማማ አብራቸው የምትኖር አራት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ አጥራችን ደግሞ ሕፃን ያሾልካል።

አባቴን አስጠርተው ውሻው አብዷል፣ ሰው ሳይነክስ ይገደል አሉት። "እስከ እሑድ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለቀበሌ ነው የምናገረው። ውሻ ትተካላችሁ፣ ልጅ ግን አይተካም።"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ልጅቷን ሳስባት ግን ተውኩት።

አርብ ከአባቴ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ባጃጅ ሁሉ ውሻ አልጭንም ስላለ በእግራችን ነው። ውሻው አፉ በጨርቅ ታስሮ፣ ጥቂት ሄድ ይልና ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ክሊኒኩ ደግሞ በስተቀኝ ነው። አባቴ ላቡን እየጠረገ፣ "በዚህ አያያዙ ክሊኒኩን ትተን ሐሙሲት ከተማ ነው የምንደርሰው" አለ።

ዶክተሯ ከደቡብ የመጣች ወጣት ናት። ግቢዋ በበሬና በበቅሎ የተሞላ ነው፤ ውሻ ለክትባት ካልሆነ ማን ያመጣል? ጓንቷን አጠለቀች፣ የክትባት ወረቀቱን አየች፣ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ፣ ሰው ይተናኮል እንደሆነ ጠየቀችን። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚዞር ስንነግራት ራሷን ነቀነቀች። "እብደት ሦስት ሳምንት አይታገሥም" አለች። "ለማንኛውም ግን አሥር ቀን ታስሮ ይታያል።"

ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ እቤት እየደጋገምኩ አሳያለሁ። የግራ የፊት እግሩን መዳፍ አጥፋ በጀርባው መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ውሻው ወዲያው አስተካከለው። የቀኙንም እንዲሁ አደረገች። እንደታጠፈ ቀረ! ከዚያ እጇን ወደ ግራ ዓይኑ ሰነዘር አደረገች፤ አርገበገበ። ወደ ቀኝ ዓይኑ ስትሰነዝር ምንም። ዓይኑ ግን የጠራ ነው።

"ሌላ የተለወጠ ነገር አለ?" አለች። አባቴ ስለ አዙሪት ጀመረ፤ እኔ ደብተሬን አወጣሁ። አነበብኩላት። ግማሹን ይተዋል የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

"የትኛውን ግማሽ?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ዓይኔን ጨፍኜ በራችንን አሰብኩ፤ ሳህኑን፣ ግድግዳውን፣ የሚቆምበትን። የሚተርፈው ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ነው። ግድግዳው ደግሞ በቀኙ ነው።

አባቴ ከኪዮስክ ዳቦ ገዝቶ መጣ። ዶክተሯ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቆራርሳ የአፉን ጨርቅ ፈታችለት። ውሻው የግራውን ግማሽ በላ፣ ሳህኑን ላሰ፣ ቀና ብሎ አየን። ጨርሷል። ዶክተሯ ምንም ሳትጨምር ሳህኑን አዞረችው። ውሻው አዲስ ምግብ እንደቀረበለት ሆኖ እንደገና መብላት ጀመረ!

አባቴ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብሎ የውሻውን ራስ ዳሰሰ።

ዶክተሯ እንዳስረዳችን የአንጎል ግራ ክፍል የሚይዘው የቀኙን ዓለም ነው። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ቀስ እያለ የመጣ ነገር፣ ከሁሉ ይልቅ የምትጠረጥረው በግራው በኩል የበቀለ ዕጢን ነው። በሌላ አገር የአንጎልን ፎቶ በሚያነሣ መሣሪያ አይተው፣ ቀደው ወይም በጨረር ያክሙታል፤ እሷም በተማሪነቷ በቪዲዮ ነው ያየችው። እዚህ ያላት በዕጢው ዙሪያ ያበጠውን የሚቀንስ ክኒንና እንዳይጥለው የሚከላከል ሌላ ክኒን ነው። አያድነውም፤ ወራት ይሰጠዋል። ምናልባት።

የጎደለበትን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"አያውቀውም" አለች። "ለእሱ ሳህኑ ባዶ ነው።"

አዝኜ ነበር፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ማወቄ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር። ስንወጣ አባቴ የበጉ አዙሪትስ ከየት ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቃት። የታመመውን በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ ትል ያድራል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ሣሩን ይግጣል አለችው። ቤት ስንደርስ አባቴ፣ "ስንቱን ጭንቅላት ለውሻ ወረወርን" አለ።

የቀረው እማማ ነበሩ። ቅዳሜ ከልጅቷ ውጭ ብቻቸውን እንዲመጡ ለመንኳቸው። ውሻው በአጭር ገመድ እንደታሰረ ሳህኑን አቀረብኩለት፤ ግማሹን በልቶ ቀና አለ። በእንጨት ገፋ አድርጌ አዞርኩት፤ በላ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ታዲያ እኔ በቀኙ ብመጣ አያየኝም ማለት ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እሱስ ይሻለናል" አሉ። "ዶክተሯ ያለችውን አሥር ቀን ይታሰር። ቢብስበት ግን ቃሌ ቃል ነው።"

አልባሰበትም። ክኒኑን በጀመረ በሳምንቱ ዙረቱ ቀነሰ። እናቴ በሁዳዴ ያማችውን መልሳ አላነሣችም፤ ግን በየምሳው፣ "ሳህኑን አዞርሽለት?" ትለኛለች።

ለፋሲካ በግ አረድን። አባቴ ጭንቅላቱን ለውሻው አልወረወረም፤ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ከሰዓት በኋላ እማማ የተቀቀለ ሥጋ በቅጠል ይዘው መጡ። ልጅቷን በሩ ጋ አቁመው ወደ ውሻው ተጠጉ፣ ጎንበስ አሉና ፊት ለፊቱ እንዳሉ ሥጋውን በግራ እጃቸው በኩል አኖሩት። ውሻው አፍንጫውን እያነፋነፈ ወደ ማዶው ዞረ።

እማማ ግራ እጃቸውን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"በእኔ ግራ ነው ወይስ በእሱ ግራ?"

"በእሱ፣ እማማ።"

ቅጠሉን ይዘው በፊቱ ዞሩለት። ወዲያው አገኘው።