«ትንሽ ቀረው» የሚለው ሰሌዳ

ደሴ ላይ በቅርቡ ቁጥር የሚያሳይ የትራፊክ መብራት ተተክሏል። ቀዩ ሲበራ ከጎኑ ቁጥር ይወጣና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲያልቅ አረንጓዴው ይበራል። የሰፈሬ ሰው ሁሉ ወዶታል። ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት የባጃጅ ልጅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ «አባባ፣ አዩልኝ? ስንት እንደቀረን እኮ ይነግረናል! ሥልጣኔ ማለት ይኼ ነው» አለኝ። እኔ ፊቴን አዙሬ የአንዱን ሱቅ መስኮት ማየት ጀመርኩ። አፌ መራራ ሆነብኝ። ሰው በአንድ መብራት እንዴት ይንገሸገሻል ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ገና ጢሜ ያልጠና ጎረምሳ ሳለሁ ኮምቦልቻ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት አንድ ቦታ ላይ ገመሰው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ሐረጎን ያውቃታል፤ ላይ ስትነሱ በጭጋጉ ኮታችሁን ትቆልፋላችሁ፣ ታች ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ከናዳው የተረፈው መንገድ ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃ ስለነበር የሚወርደውና የሚወጣው በየተራ ማለፍ ነበረበት። ጋራዡም ከወዲህና ከወዲያ፣ ከአሮጌ መኪና በተፈታ ባትሪና አምፖል ቀይና አረንጓዴ መብራት ተከለ።

ችግሩ መብራቱ ቀይ መሆኑን ይናገራል እንጂ እስከ መቼ ቀይ እንደሆነ አይናገርም። ሾፌሮቹ ሊያብዱ ነበር። አንዱ እሸት በቆሎ ሊገዛ ይወርድና አረንጓዴ ሲበራ የውሃ ሽታ ይሆናል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል። ሌላው አላስችል ብሎት በቀይ ይገባና መሀል ላይ ከሚወጣው ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ከዚያማ ማን ወደ ኋላ ይመለስ? ስድቡ፣ ድንጋይ ማንሳቱ፣ ሌላም ሌላም። የቸኮለ ተሳፋሪ ደግሞ ጓዙን ተሸክሞ ከናዳው በታች ባለችው የእግር መንገድ ይሻገርና ማዶ ከተሰለፉት መኪኖች ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ይፈልጋል። አያጣም፤ መጠበቅ የሰለቸው ሾፌር መቼም አይጠፋ።

ይኼን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የበርሜል ክዳን ነጭ ቀለም ቀባሁ፤ ዙሪያውን በደቂቃ ከፋፈልኩት፤ ከላሜራ ጠቋሚ ቆርጬ መሀሉ ላይ አሰርኩና ሰሌዳ አድርጌ ከመብራቱ ሥር ሰቀልኩት። ከጀርባው ጓደኛዬ ይመር ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን እያየ ጠቋሚውን በመዘውር ያዞረዋል። ጠቋሚው ወደ ላይ ከሆነ ገና ብዙ ይቀራል፤ እየወረደ ከሆነ እያለቀ ነው፤ ታች ሲነካ አረንጓዴ ይበራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ግን እንደ ተአምር ታየ። ሾፌሩ ጠቋሚውን አይቶ በቆሎውን ተረጋግቶ ይግጣል፤ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግዶ ተራው ሳያልፈው መሪው ላይ ይገኛል። ጡሩንባው ቀረ። አንድ ጨው የጫነ ሾፌር ራሴን ደባብሶ «ወላሂ፣ አንተ ልጅ ዕድሜ ጨመርክልን!» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ፤ ደስታዬን ግን እስካሁን አልረሳውም።

የጋራዡ የፖለቲካ ኃላፊ ብቻ አልወደደውም። ስሙን አልጠራም፤ ሠራተኛው በሐሜት «አጨብጭቡ» ይለው ነበር፣ በስብሰባ ላይ ይህን ቃል ሳይል ሁለት ዓረፍተ ነገር ስለማያልፍ። ካኪ ለብሶ መጣና ክዳኑን በእርሳስ መታ መታ እያደረገ፣ «ጓድ ኑሩ፣ መንገድ መቼ እንደሚከፈት ለሕዝብ ንገር ያለህ ማነው?» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጠቋሚው ላይ ተክሎ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ኃላፊው አገጩን እያሻሸ ብዙ ቆመ፤ ከዚያም «ይሁን፣ ይቀጥል» ብሎ ሄደ። ያየው ነገር የገባኝ ኋላ ነው።

አባቴ እንድሪስ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው የሐርቡ ገበሬ ነበር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሰንብቶ መስከረም ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት አረፈ። እናቴ ስታስታምመው ከርማለች፤ አጎቴ ሐጂ ሰይድም አብረውን ነበሩ። ደሴ ታጥቦ ተከፈነና ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ በቃሬዛ አስተኛነው። ሐርቡ መልእክት ልከን ነበርና ቀብሩ ተቆፍሮ ሰው እየጠበቀ ነው። ብዙ ሰው ነው የጠበቀው። አባቴ የማንም ሰው ቀብር ቀርቶበት አያውቅም፤ እርሻውን ጥሎ፣ አካፋውን ተሸክሞ፣ ያላወቀውን ሰው ሁሉ ሲቀብር የኖረ ነው። ገጠሬው ብድሩን ሊመልስ ወጥቷል። ግን ማታ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሳይመሽ መድረስ አለብን። ካልደረስን ያ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል።

ሐረጎ ስንደርስ ቀይ ነው። ሰልፉ ረዝሟል። አጎቴ ከመኪናው ላይ ሆነው ፀሐይዋን አዩና፣ «ጀናዛውን እናውርድና በእግር መንገዱ እንሻገር። ማዶ መኪና አናጣም» አሉ። አብረውን ያሉት ጎረምሶች ቃሬዛውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። አጎቴ ግን ሰሌዳውን አዩት። ጠቋሚው ታች ሊነካ ጣት የማይሞላ ቀርቶታል።

«ይኼ አንተ የሠራኸው አይደል ኑሩ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማሻ አላህ። ትንሽ ነው የቀረው። ለምን እናንገላታዋለን፣ እንቆይ» አሉና ቁጭ አሉ።

ቆየን። እናቴ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጣ ዝንቡን በነጠላዋ ትከላከላለች። ከመንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ይሸታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን የምወደው ሽታ ነበር። ጠቋሚው ጣት የማይሞላ ቀርቶታል። እንደገና አየሁት፤ አሁንም ያው ነው። ተበላሽቶ ነው ብዬ ወርጄ ወደ ጀርባው ሮጥኩ።

ምንም አልተበላሸም። ይመር መዘውሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከጎኑ «አጨብጭቡ» በቆሎ ይግጣል።

«ለምን አታዞረውም?» አልኩት ይመርን። ይመር ወደ ኃላፊው አየ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ ኃላፊው። «ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ እየመጡ ነው። መንገድ ዳር የሚቀበላቸው ሕዝብ ያስፈልጋል። ብዙ ቀረ ካልከው ሰዉ በእግሩ ይሻገርብሃል፤ ትንሽ ቀረ ካልከው ይጠብቃል። ጥሩ ነገር ነው የሠራኸው ጓድ፣ ጥሩ!»

«አባቴ እኮ ሞቶ መኪናው ላይ ነው። ቀብር ይጠብቀናል፤ ሊመሽብን ነው።»

በቆሎውን ከአፉ አላራቀም። «ነፍስ ይማር» አለኝ። «ታዲያ እሱ ምን ያስቸኩለዋል?»

ጥርሱ መሀል የበቆሎ ገለባ ነበር። ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ገለባ ነው።

ሮጬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ያ ረቢ!» አሉና ቃሬዛውን አንሱ አሉ። አሁን ግን ታጣቂዎች የእግር መንገዱን ዘግተውታል። እንግዳው አስከሬን ማየት የለባቸውምና ጀናዛው ላይ ሸራ ጣሉበት፤ በመኪናው ጎን መፈክር የተጻፈበት ትልቅ ጨርቅ ዘረጉ። አባቴ በመፈክር ተሸፈነ። ለእኛም በእንጨት የተሰካ የወረቀት ባንዲራ አደሉን። አጎቴ በዚያ ሽበታቸው የወረቀት ባንዲራ እንደ ያዙ ደርቀው ቀሩ።

ኃላፊው በሰልፉ እየዞረ «አጨብጭቡ! እናቶች እልል በሉ!» ይላል። እናቴ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «እልል በይ እንጂ እናት!»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም። «አንተ ልጅ» አለችው፣ «እናትህ በሕይወት አለች?»

ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ።

ፀሐይ ጥግ ስትይዝ እንግዳው መጡ። ከፊት ጂፕ፣ ከኋላ ጂፕ፣ መሀል ጥቁር መኪና። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነበር ያለፈው፤ ስለዚህ ደህና አድርጌ አየሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። እንግዳው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ተኝተዋል። ያ ሁሉ ጭብጨባ የተኛ ሰው አልቀሰቀሰም። ወዲያው ጠቋሚው ታች ነካ፤ አረንጓዴው በራ።

ኮምቦልቻ ኬላ ስንደርስ ሰዓት እላፊው ገብቶ ነበርና የኬላው ገመድ አልተነሳልንም። አባቴ እዚያው መስጊድ ግቢ ውስጥ አደረ። ሐርቡ ላይ የተቆፈረለት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ አደረ። ጠዋት ስንደርስ ሰዉ ተበትኗል፤ እስኪመሽ ጠብቆ፣ ከብቱም ሰዓቱም አስጨንቆት ወደየገጠሩ ገብቷል። ለሶላቱ ሁለት ሰልፍ እንኳ በወጉ አልሞላንም። የሁሉን ሰው ቀብር ደርሶ የኖረ ሰው የራሱ ቀብር ባዶ ሆነበት። አጎቴ አፈሩን እየመለሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «በቃሬዛ ብንሻገር ኖሮ ደርሰን ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንስተውት አያውቁም።

ይመር በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ኃላፊው በስብሰባ ላይ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል። ሕዝቡ እንግዳውን ለመቀበል ቀኑን ሙሉ በታላቅ ትዕግሥት መንገድ ዳር እንደ ዋለ ሪፖርቱ ላይ ተነቧል። ከትዕግሥተኛው ሕዝብ ውስጥ አንዱ አባቴ ነው መሰለኝ። ሰሌዳውም እዚያው ተሰቅሎ ሰነበተ፤ ይመር እንደ ድሮው ሰዓቱን እያየ በሐቅ ያዞረዋል። የሚያምነው ግን ጠፋ። ሾፌሮቹ እንደገና ጡሩንባቸውን ያዙ። ጠቋሚው እውነት ሲናገር እንኳ ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ይሻገር ነበር።

መንገድ መዝጋት ለእነሱ አዲስ አልነበረም። ስንት ጊዜ ዘግተውብናል፤ ሰውም ለምዶት ነበር፣ መዘጋቱን ካወቀ መላ ያበጃል። የሚያስጠላኝ ሌላ ነው። ሰው እንዳይጉላላ የተሠራች አንዲት ትንሽ ነገር አግኝተው፣ ለሰው እፎይታ መሆኗን ሳይሆን ለራሳቸው መጠቀሚያ መሆኗን ማየታቸው ነው። «ትንሽ ቀረ» የሚለውን ቃል ሰው እግር ላይ እንደ ገመድ አሰሩት።

ትናንት በእግሬ ስሄድ አንድ ወጣት ባለሙያ ከአዲሱ መብራት ሥር ያለውን ሳጥን ከፍቶ ሽቦ ሲያይ አገኘሁት። ሙያው የእኔም ነበርና ቆምኩ። ትሑት ልጅ ነው፤ እያንዳንዱን ዕቃ አሳየኝ። ጥግ ላይ በቁልፍ የሚዞር አንድ ማብሪያ አየሁ።

«ይኼ ምንድነው ልጄ?»

«በእጅ ማቆሚያው ነው አባባ። ቀዩን ይዞ ለማቆየት ነው። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያዞሩት» አለኝ።

«ያን ጊዜ ቁጥሩ ምን ይላል?»

ልጁ እጁን ከሽቦው አንስቶ ወደ ላይ ወደ ቁጥሩ አየ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅም መሰለኝ።

«እሱማ» አለ፣ «የደረሰበት ላይ ይቆማል።»