ያልተበላው የገንፎ ገብስ

ጥሩሸዋ ገና ከደጅ ብቅ ስትል ሴቶቹ የሚሏት አንድ ነገር ነው፤ «ሽንት ቤቱን ቆፍረናል።» ዘመሮ በምትባል ትንሽ ከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ቤት ለቤት መዞር ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። ስለ ክትባት ልትጠይቅ ብትመጣ ሽንት ቤት፤ ስለ ወሊድ ልታወራ ብትመጣ ሽንት ቤት። በዚሁ ዙረት ስንት ጫማ ጨረሰች፤ ትዳሯም ፈረሰ፤ ባሏ «ከእኔ ቤት በቀር የማትገቢበት ቤት የለም» ብሏት ሄደ። እሷ ግን ደብተሯን ይዛ መዞሯን አልተወችም።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣባት። ከከተማው ዳር ባና፣ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ። እዚያ የበግ ፀጉር ክር ሲቀለም ቀለሙ እንዳይለቅ የሚጨመር ብርቱካንማ ዱቄት አለ፤ ከፋብሪካ የሚመጣ። ሴቶቹ «ማስያዣ» ይሉታል። በፈላ በርሜል ውስጥ ይበተናል፣ ክሩ ይነከራል፣ የነካሪዎቹ እጅ እስከ ክርናቸው ይበልዛል። ይሄ ዱቄት ፅንስ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን እንዲያጠና ታዲዮስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተላከ። ሃያ ሁለት ነካሪዎች ይጠየቃሉ፤ በርሜሉ አጠገብ ደርሰው የማያውቁ፣ ቤታቸው የሚፈትሉ ሃያ ሁለት ሴቶችም ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ይነጻጸራል። ፎርሙን ይዛ የምትዞረው ማን ሆነች? ጥሩሸዋ።

ጥያቄ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፤ ማኅበሩ ከተከፈተ ወዲህ፣ ባለፉት አራት ዓመታት፣ የወረደብሽ ወይም ሞቶ የተወለደ ፅንስ አለ?

«የለም።»

ሁሉም የለም። አርባ አራት ሴት፣ አርባ አራት የለም። ጥሩሸዋ ገበያነሽ ጋ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገበያነሽ ማኅበሩ ሲከፈት ጀምሮ ነካሪ ናት።

«ገበያነሽ፣ አምና በፍልሰታ ቃሬዛሽን የያዝኩት እኔ አይደለሁም? ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል እኮ።»

«እግዜር ይስጥሽ ጥሩዬ።»

«ታዲያ ለምን የለም ትያለሽ?»

«እሱማ መቼ ልጅ ሆነ? ክርስትና አልተነሣ፣ ስም አልወጣለት። እግዜር የወሰደውን ቆጥሬ ለመንግሥት ላስረክብ? ደግሞ ሽንት ቤቱን ቆፍረናል።»

ጥሩሸዋ ራሷን ይዛ ወጣች። ለታዲዮስ ስትነግረው እሱ ፎርሞቹን እያስተካከለ ነበር።

«ሲስተር፣ ያላሉትን ልጽፍ አልችልም። በሁለቱም ወገን ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ ጥሩ ውጤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።»

ጥሩ ውጤት ይላታል። ጥሩሸዋን ያንገበገባት ደግሞ የራሷ ጉዳይ ነው። ታናሽ እህቷ የምሥራች ካገባች ሁለት ዓመቷ፣ በርሜሉ ላይ ከቆመችም ሁለት ዓመቷ። ሰሞኑን ፊቷ ገርጥቷል፤ የበርሜሉ ሽታ ያጥወለውላታል። ስትጠየቅ «ብርድ መቶኝ ነው» ትላለች። ያ ዜሮ ማኅተም ተመትቶበት ከመጣ ማን ከበርሜሉ ያነሣታል?

በማግስቱ ረቡዕ ጥሩሸዋ እህቷ ቤት ጎራ አለች። የምሥራች በሶ በጠበጠችላት። ጥሩሸዋ አንዴ ጎንጨት አለችና ቆመች። በሶው ነጭ ነው፤ ልም ያለ። እዚያ አገር ሴት ስትፀንስ ለሰው አትናገርም፤ ዝም ብላ ነጭ ገብስ ለቅማ፣ ፈትጋ፣ ለአራስነቷ ገንፎ ለብቻው ታስቀምጣለች። ልጅ ሳይወለድ ያንን ገብስ ማንም አይነካውም።

«ይሄ የገንፎ ገብስ አይደለም እንዴ?»

«የአምናው ነው፤ ነቀዝ ከሚበላው ብዬ ቆላሁት።»

ጥሩሸዋ ጓዳውን አየች። አንድ የጎደለ ስልቻ አለ። አጠገቡ ደግሞ አንድ ሙሉ፣ አፉ የታሰረ።

«ያኛውስ?»

የምሥራች ተነሥታ የጓዳውን መጋረጃ ሳበችበት።

«አምና ወርዶብሽ ለእኔ አልነገርሽኝም። ትናንት ፎርሙ ላይም የለም አልሽኝ። ለገዛ እህትሽ!»

«አንቺ መቼ ስለ ገብስ ጠየቅሽኝ?»

ጥሩሸዋ ልትጮህባት አፏን ከፈተችና ተወችው። አዎ፣ ስለ ገብስ ማን ጠየቀ?

ነካሪዎቹን ሐሙስ ማኅበሩ ግቢ፣ ፈታዮቹን አርብ ክር ሊያስረክቡ ሲመጡ ያዘቻቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የገንፎ ገብስ ስንት ጊዜ አስቀመጥሽ? ስንቴ ማርያም ማርያም ተብሎ ተበላ? ይሄኔ ማን ይችላቸው። አንዷ «የመጀመሪያውን በላሁ፣ ሁለተኛው ቆሎ ሆነ» አለች። ሌላዋ ለበሬው መስጠቷን፣ ከየትኛው ማሳ እንደነበር ሁሉ ነገረቻት። ገበያነሽማ ሁለት ጊዜ መሆኑን ራሷ ጨመረች፤ ጥሩሸዋ የምታውቀው አንዱን ነበር።

አርብ ማታ ወረቀቱን ታዲዮስ ፊት ጣለችው። ፈታዮቹ ሃያ አምስት ጊዜ አስቀምጠዋል፤ ሃያ አንዱ ተበላ፣ ሁለቱ ገና ተቀምጧል፣ ገንፎ ሳይሆን የቀረው ሁለት ነው። ነካሪዎቹ ሃያ ስድስት ጊዜ አስቀምጠዋል፤ አሥራ አምስቱ ተበላ፣ ሦስቱ ገና ተቀምጧል፣ ስምንቱ በሶና ቆሎ ሆነ።

«ሲስተር፣ ፎርሙ ላይ ገብስ የሚል ቦታ የለም።»

«ቦታ አድርግለት።»

«ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም።»

«ዜሮው ማስረጃ ሊሆን ነበር አይደል?»

ታዲዮስ ወረቀቱን እንደገና አነበበው። ስምንቱ ላይ ጣቱን አቆመ። ከዚያ ፎርሞቹን እየገለበጠ በጀርባቸው መጻፍ ጀመረ። ለማኅበሩም ደብዳቤ ተወ፤ እንደገና በደንብ እስኪጠና ድረስ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በርሜሉ አጠገብ አትድረስ፣ ወደ መፍተል ትዛወር።

ሰኞ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሼ አፈወርቅ ደብዳቤውን ለሴቶቹ አነበቡና «እንግዲህ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እጅ አውጡ» አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም። የምሥራች ጣራውን ታያለች። ጥሩሸዋ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነከሰች። ሦስት ስልቻ እንዳለ ታውቃለች፤ የማን የማን እንደሆነም ታውቃለች፤ አታወራም እንጂ።

«የለም ማለት ነው» አሉ ጋሼ አፈወርቅ። «በሉ ወደ ሥራችሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጥሩሸዋን ነገሩ ሳይቆጠቁጣት አልቀረም፤ ተመልሳ ሄደች። የምሥራች በርሜሉ ጋ የለችም። ክር ሊያስረክቡ ከመጡት ፈታዮች መሐል ቁጭ ብላ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ነጭ ገብስ ትለቅማለች። ከጎኗ ሁለት ነካሪዎች፣ እነሱም ገብሳቸውን ይዘው። ማንም ምንም አይጠይቃቸውም።

ጋሼ አፈወርቅ ወጥተው ቢያዩ ተናደዱ። «እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው በሥራ ሰዓት ገብስ የሚለቅሙት?»

ጥሩሸዋ ወደ ሰፌዶቹ ጠቆመች። «እጅ እያወጡ ነው፣ ጋሼ አፈወርቅ። ይቁጠሯቸው።»