ቁልፉን ሰጥቼ ምርቃቱ እምቢ አለኝ

ዛሬ ጠዋት ቶተንሃም ያለው ጋራዤ ደጃፍ ላይ የቫን ቁልፍ ሰጥቼ «የሥራ ያድርግልዎት» ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።

እንደምታውቁት ተጋጭተው ኢንሹራንስ ተስፋ የቆረጠባቸውን ቫኖች ከጨረታ ገዝቼ፣ ጠግኜ ነው የምሸጠው።

የዛሬው ገዢ ጋሽ ከድር ናቸው፤ ኪልበርን ላሉ ሱቆች ዕቃ ያመላልሳሉ። ቫኑን ሥሩን ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩትም።

«ካገሬ ልጅ እየገዛሁ ምን ቼክ አደርጋለሁ? ይልቅ መርቅልኝ» አሉኝ።

ማስታወቂያው ላይ «ካት ኤስ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሻሲው ተጎድቶ የተጠገነ ነው ማለት ነው። ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቀኝም።

ጋሽ ከድር ግን ትርጉሙን እንደማያውቁት ገና ሲደውሉልኝ ገብቶኛል። ገብቶኝም ዝም ብያለሁ።

ዝም ብሎ መሸጥ ይቻላል። ዝም ብሎ መመረቅ ግን አቃተኝ።

«ጋሽ ከድር፣ ይቺ መኪና ክፉኛ ተጋጭታ ነበር» አልኳቸው። በስልኬ መብራት የበየድኩትን ቦታ አሳየኋቸው። ተንበርክከው ደጋግመው አዩት። (ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ካርቶን አነጠፍኩላቸው። የኛ ጋራዥ መስተንግዶ ይኼው ነው።)

ተነስተው ቁልፉን መለሱልኝ። «ነገ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። ጥቂት ራመድ ብለው ዞሩና «አላህ እጅህን ይባርከው» አሉኝ።

ልመርቅ ቆሜ ተመርቄ ቀረሁ። ቫኑ አሁንም ደጄ ላይ ነው።

እናንተስ፣ አፋችሁ ላይ ደርሶ እምቢ ያላችሁ ምርቃት አለ? ያን ሰዓት ምን ደብቃችሁ ነበር?