አስተናግር ላይ የበቀለው ደበርጃን

ቴክሳስ፣ ካሮልተን ከተማ ውስጥ ፈክረዲንን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ደበርጃን ለሚባለው አትክልት ባለው ፍቅር ያውቀዋል። ከደሴ ወጥቶ አሜሪካ እስኪገባ ድረስ ካርቱም የከረመ ሾፌር ነው። እዚያ ደበርጃንን «አስወድ» ይሉታል፤ ጥቁሩ ማለት ነው። እሳት ላይ ለብልቦ፣ ልጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በተፈጨ ለውዝ አሽቶ መብላትን የለመደው በዚያ ነበር። ሚስቱ ራዚያ መጀመሪያ ላይ ወጥ የሚሠራ ባል አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ቁርሱም ምሳውም ደበርጃን ሆነባት።

«ከእኔና ከደበርጃን ማናችንን ትመርጣለህ?» ትለዋለች።

«ሁለታችሁንም አላህ ያቆይልኝ» ይላል እየሳቀ።

የሱቁ ደበርጃን ውሃ ውሃ ይለዋል። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ራሱ ይተክላል። የቴክሳስ ሙቀት ሲመጣ ግን አበባው እየረገፈ፣ ግንዱ እየጠወለገ ዓመት በዓመት ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ከአጥሩ ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ የበቀለው ባለ ነጭ አበባ አረም ግን ማንም ሳያጠጣው ለምልሞ ይከርማል። ፈክረዲን ሲያየው ይቀና ነበር።

አንድ ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮ አየ። የአንዱን ተክል ቀንበጥ ቆርጦ የሌላው ጉቶ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። በጸደይ አረሙን ነቅሎ ጓሮው ውስጥ ተከለው፤ አናቱን ቆረጠና የደበርጃን ቀንበጥ ሰክቶበት በፕላስቲክ አሰረው።

ራዚያ ጉቶውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ፈክሩ፣ ይሄ እኮ አስተናግር ነው። እኛ አገር ፍየል እንኳ አይነካውም። የበላ ሰው ሲለፈልፍ ነው የሚውለው።»

«ሥሩን ማን ይበላል? ፍሬው ደበርጃን ነው።»

«ፍሬውስ የሚጠጣው በማን ሥር ነው?»

እሱ ፕላስቲኩን ማጥበቁን ቀጠለ።

ተክሉ በሐምሌ ቁመቱ አጥሩን አለፈ። ፍሬው ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ራዚያ ቅጠሉን ገልብጣ ብታይ አንድም ትል አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እንኳ በዚያ በኩል አታልፍም።

የመጀመሪያው ፍሬ የተቀጠፈው ሰኞ ዕለት ነው፤ ራዚያ ጾመኛ ነበረች። ፈክረዲን ለበለበ፣ አሸ፣ ሎሚ ጨመቀበት።

«ትንሽ ይመራል፤ ግን እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» አለና ሳህኑን በቂጣ ጠረገው።

የዙህር ሶላቷን ጨርሳ ስትነሣ ድምፁን ከሳሎን ሰማች። ስልክ የሚያወራ መሰላት።

«ግባ እንጂ ሁዘይፋ! ምን በር ላይ ያቆምሃል?»

ሁዘይፋ ካርቱም የተቀበረ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ሮጣ ገባች። በሩ ዝግ ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ። ፈክረዲን ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይለቅማል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑን በሙሉ አጥቁሮታል።

«ውሃ ስጪው፣ አፉ ደርቋል» አለ፤ የደረቀው ግን የራሱ ከንፈር ነበር። «ኤርፖርት ላድርሰው። ቁልፌስ?»

ቀድማ ቁልፉን አነሣች። ትኩር ብሎ አያት።

«አንቺ ማነሽ?»

ራዚያ ቁልፉን ጉያዋ ከትታ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ተስፋዬ ሮጠች። ተስፋዬ ነርስ ነው። አብሯት መጥቶ ገና የፈክረዲንን ዓይን ሲያይ፣ «ምን በላ?» ሲል ጠየቃት። ነገረችው።

«ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ፣ አምቡላንስ ይምጣ። የተረፈውን እንዳትጥይው፤ ሐኪሞቹ ይዩት!»

ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ታስሮ ሲለፈልፍ ሰነበተ። ተክሉን አስተናግር ብሎ የሰየመው ሰው አልዋሸም። አላህ ብሎት ተረፈ፤ ካደረገው ሁሉ ግን አንዱንም አያስታውስም። ራዚያ ጓንት አጥልቃ ተክሉን ከነሥሩ ነቀለችው። ከሆስፒታል ሲመለስ ጉድጓዱን አየና በእግሩ አፈር መለሰበት።

በዚያው ሰሞን ተስፋዬ ሊጠይቀው መጣ። ፈክረዲን ከተቀመጠበት ሳይነሣ እንግዳውን አትኩሮ አየው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለና፣

«ራዚዬ፣ አንቺም ታይዋለሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«አየዋለሁ» አለችው እጁን ይዛ። ያኔ ተነሥቶ ጨበጠው።

ወደ ታክሲ ሥራው ተመልሷል። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ግሬፕቫይን ውስጥ ሆቴል በር ላይ የሚጠብቅ ተሳፋሪ ሲያገኝ ግን ሰውየው እጁን በመኪናው ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ በሩን አይከፍትም።